ካም ሎክ ምንድን ነው? ቁም ሳጥን ሲፈታ ስለሚጠፉት ትንንሽ ብረቶች

ባለፈው ክረምት እህቴ ከአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወደ ሌላ ሰፈር ቤት ስትቀይር፣ ቁም ሳጥኗን የፈታነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን እንዳለ ተሸክሞ መውረድ የማይታሰብ ነው። ጣውላዎቹ አንድም ጭረት ሳያገኛቸው ደረሱ። ማታ መልሰን ስንገጥመው ግን የግራው ጎን ከላይኛው ጣውላ ጋር አልያዝ አለ። የጎደለችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አንዲት ክብ ብረት ነበረች። እርሷ እስክትገኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ከረመ።

ያቺ ብረት ካም ትባላለች። ከጓደኛዋ ጋር ተጣምራ የምትሠራው መያዣ ደግሞ ካም ሎክ ይባላል። ተገጣጥሞ የሚሠራ የቤት ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ካም ሎኮች አሉት፤ በስም የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው።

አሠራሩ ቀላልም ብልህም ነው። ጓደኛዋ ባለ አንገት ብሎን ናት፦ አንዱ ጫፏ ጥርስ ያለው፣ ሌላው ጫፏ እንደ ትንሽ ጉልላት ያበጠ። ጥርሱ በአንደኛው ጣውላ ውስጥ ይጠብቃል፣ አንገቷና ጉልላቷ ወደ ውጭ ቀርተው ይታያሉ። ካሟ ደግሞ በሁለተኛው ጣውላ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ከጠርዙ አጠገብ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ይህ ቀዳዳ በብዛት 15 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሁለቱ ጣውላዎች ሲገናኙ ጉልላቱ በጠርዙ ቀዳዳ በኩል ገብቶ ካሟ ሆድ ውስጥ ይደርሳል። ካሟን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ግማሽ ዙር ያህል ሲያዞሯት፣ በውስጧ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ጉልላቱን እየያዘ ወደ መሐል ይስበዋል፤ ጣውላዎቹም ተጣብቀው ይቀራሉ። ሙጫም ሚስማርም አያስፈልግም። ወደ ግራ ሲመለስ ይለቃል።

ካም ሎክ ይስባል እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። ሸክሙን የሚቀበሉትና ጣውላው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙት ከጎኑ የሚገቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የእንጨት ካስማዎች ናቸው። ዕቃ ተፈትቶ ሲገጠም «እነዚህ እንጨቶች ትርፍ ናቸው» ተብለው ሲጣሉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ትርፍ አይደሉም። እነርሱ ከሌሉ ሸክሙ ሁሉ በብሎኗ አንገት ላይ ያርፋል፣ ቺፑዱም ከጊዜ በኋላ ይፈረፈራል።

ይህ ሁሉ ዘዴ የመጣው ከቺፑድ ባሕርይ ነው። ቺፑድ ተፈጭቶ በሙጫ የታመቀ እንጨት ስለሆነ ጠርዙ ሚስማርን ወይም ተራ ብሎንን አጥብቆ አይዝም፤ ብዙ ጊዜም ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ የቤት ዕቃን በዓለም ያስለመደው የስዊድኑ ኢኬያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የኩባንያው ባልደረባ ጊሊስ ሉንድግሬን አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን እንደፈታ ይነገራል። የአውሮፓ ዕቃ ሠሪዎች ደግሞ ቀዳዳዎችን በ32 ሚሊ ሜትር ልዩነት መብሳትን የጋራ ልኬት ስላደረጉት፣ ዛሬ ከተለያየ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ብረቱ እጅግ ይመሳሰላል። መመሳሰሉ ግን ያሳስታል። ለምሳሌ የብሎኗ አንገት 24 ወይም 34 ሚሊ ሜትር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አጭሩ ካሟ ጋር አይደርስም፣ ረጅሙም ያልፋታል።

አሁን ወደ መጥፋቱ ልመለስ። ከዚያ ምሽት በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩበት ነገር ነው። ካሟ ቀዳዳዋ ውስጥ የምትያዘው በመቆለፏ ብቻ ነው። ከተከፈተችና ጉልላቱ ከወጣ በኋላ አንድም የሚይዛት ነገር የለም። ጣውላው መሬት ላይ ተጋድሞ እያለ በቦታዋ ያለች ትመስላለች፤ ሰው አንስቶ ሲያዘነብለው ትወድቃለች፤ የምትወድቀውም ደረጃ ላይ ወይም የጭነት መኪና ወለል ላይ ነው። እኛም እንዲሁ አጥተናታል። ስለዚህ ጣውላ ከመነሣቱ በፊት ካሞቹን መልቀም፣ ወይም በላያቸው ላይ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል። እኔ መልቀሙን እመርጣለሁ፤ ፕላስተር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሲነሣ የጣውላውን ልባስ ሊልጥ ይችላልና።

የተለቀመውስ የት ይገባል? አብዛኛው ሰው ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይከታል። ጠንቃቃ የሆነው በዓይነት ይለያል፦ ካም ለብቻ፣ ብሎን ለብቻ፣ የማጠፊያ ብሎን ለብቻ። እኔ ግን መለየት ያለበት በዓይነት ሳይሆን በቦታ ነው እላለሁ። የላይኛው ጣውላ ብረት ሁሉ በአንድ ትንሽ ፌስታል፣ የግራው ጎን በሌላ፣ የመሳቢያው በሌላ ይሁን፤ በላዩ ላይም የጣውላው ስምና የብረቱ ብዛት ይጻፍ። «የላይኛው፣ ካም 4፣ ካስማ 4» የሚል ወረቀት ገና ሳይጫን ጉድለቱን ይናገራል። ጣውላዎቹ ራሳቸው በማይታየው ጠርዛቸው ላይ ፊደል ይጻፍባቸው። በመፍታቱ መሐል ደግሞ የእንቁላል ትሪን የሚያህል ረዳት አላገኘሁም፤ በየጉድጓዱ የአንድ እርምጃ ብረት እየተቀመጠ ይሄዳል፣ መልሶ ሲገጠምም ከመጨረሻው ጉድጓድ ወደ መጀመሪያው ይመጣል። በየእርምጃው አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ማንሣት ቢጨመር ደግሞ ብዙ ክርክር ይቀራል።

በቦታ መለየት ትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የብሎን ርዝመትን ያስብ። የቁም ሳጥን ጣውላ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው ያለው። የእጀታ ወይም የሌላ ክፍል ረጅም ብሎን በስህተት በማጠፊያው ቦታ ከገባ በሩን ወጋ አድርጎ በፊት ለፊት ይወጣል፤ ያ ጉዳት የሚጠገን አይደለም።

ባለ አንገት ብሎኖቹን ግን ሁልጊዜ መፍታት አያስፈልግም። ጥርሳቸው ቺፑድ ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር ቀዳዳው ይላላል። ጣውላው ለብቻው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚሄድ ከሆነ እዚያው ቢቀሩ ይሻላል፤ እርስ በርስ የሚደራረብ ከሆነ የሌላውን ገጽ ስለሚቧጥጡ ይውጡ። ወደ ቺፑድ የሚመለስ ማንኛውም ብሎን መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞር፤ ጥርሱ ድሮ በሠራው መንገድ ላይ ሲወድቅ ትንሽ ደልደል የማለት ስሜት በእጅ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይጠበቃል። ይህችን አንዲት ነገር ያሳየኝ አናጢ ብዙ ቀዳዳ አድኖልኛል። ቀዳዳው አስቀድሞ ከላላ በእንጨት ሙጫ የተነከረ የክብሪት እንጨት ገብቶበት እስኪደርቅ ይጠበቃል። ካሟን ግን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ማጥበቅ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ከዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ከመጠን በላይ ስትጠብቅ ትሰበራለች።

ካሟ ከጠፋችስ? ውጭ አገር የምትኖሩና የኢኬያ ዕቃ ያላችሁ፣ የመግጠሚያው መመሪያ ላይ ከየብረቱ ሥዕል አጠገብ ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር መለዋወጫ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ መመሪያውን አትጣሉት። አዲስ አበባ ላይ የሚያዋጣው ናሙና ይዞ መሄድ ነው፤ እኛም መርካቶ የሄድነው አንዲት ካምና ጓደኛዋን አብረን ይዘን ነበር። ካሟን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ጉልላቱ የማይገባባትን ገዝቶ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ብረት ቀርቶኛል፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ቁም ሳጥንንና ባለ መሳቢያ ዕቃን ከግድግዳ ጋር የሚያስረው ማያዣ አሮጌው ቤት ግድግዳ ላይ ተረስቶ ይቀራል። እርሱ ባይኖርም ዕቃው ስለሚቆም የጎደለ መሆኑን ማንም ልብ አይልም። ሕፃን መሳቢያውን ስቦ ሲንጠለጠልበት ግን ዕቃው ወደ ፊት ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኬያ በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ዕቃዎችን ከገበያ እንዲመለሱ ያደረገው በላያቸው ላይ ወድቆባቸው ሕፃናት ስለሞቱ ነው። እኔ አሁን ዕቃ ስፈታ የመጀመሪያው ፌስታል ላይ የምጽፈው «የግድግዳ» ብዬ ነው፤ አዲሱ ቤት ውስጥም ልብስ ከመሰቀሉ በፊት የሚከፈተው እርሱ ነው።