«ራስ እንሁን እንጂ ጅራት አንሁን»፦ ከዓሣ ራስ ጋር የሚባል ምርቃት

እናቴ ዓሣ ስትገዛ ራሱን አስቆርጣ ታስጥለው ነበር። ድስት ውስጥ ሆኖ ሲያፈጥባት አትወድም። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ነን። ወደ እስራኤል፣ ወደ ኔታኒያ ከተማ በመጣን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሮሽ ሃሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ከሊቢያ፣ ከትሪፖሊ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። የተከደነ ሳህን ይዘዋል። እናቴ ከፈት ብታደርገው በቀይ ስጎ መሃል ሙሉ የዓሣ ራስ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

ጎረቤታችን ፊቷን አይተው ሳቅ አሉና አንድ ነገር ተናገሩ። «ሼኒህዬ ለሮሽ ቬሎ ለዛናቭ»። ተረጎምኩላት። «ራስ እንሁን እንጂ ጅራት አንሁን ነው የሚሉት።»

እናቴ ቶሎ ብላ «አሜን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይሄማ የኦሪት ቃል አይደል እንዴ! ቄሱ ሲያነቡት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለች። ቃሉን ታውቀዋለች። ከዓሣ ራስ ጋር ምን እንዳገናኘው ነው ያላወቀችው። እኔም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ቃሉ ያለው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ላይ ነው። በቁጥር 13 ሙሴ ለሕዝቡ፣ ትእዛዙን ብትጠብቅ እግዚአብሔር ራስ ያደርግሃል እንጂ ጅራት አያደርግህም ይላል። በአገር ቤትም ብዙ ሰው ልጁን ሲመርቅ ይህንኑ ይላል፤ «ራስ ያድርግህ፣ ጅራት አያድርግህ»። ብዙዎቻችን የምንረዳው አለቃ ሁን፣ ከሰው በላይ ሁን እንደ ማለት ነው።

እስቲ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሱ። ቁጥር 12 የሚናገረው ስለ ዝናብ ነው። ሰማይ በጊዜው ይዘንባል፣ የእጅህ ሥራ ይባረካል፣ ለብዙ ሕዝብ ታበድራለህ፣ አንተ ግን አትበደርም። ራስና ጅራት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከዚያ ወደ ቁጥር 44 ውረዱ። እርግማኑ እዚያ ነው፣ ነገሩም ተገልብጧል። በመካከልህ ያለው መጻተኛ ያበድርሃል፣ አንተ አታበድረውም፤ እሱ ራስ ይሆናል፣ አንተ ጅራት ትሆናለህ።

ሁለቱም ቦታ ላይ ከራስና ከጅራት አጠገብ ያለው ብድር ነው። ይህን ያየሁ ቀን ምርቃቱ ሌላ ሆነብኝ። ዕዳ ያለበት ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ያበዳሪውን ፊት ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ጅራት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ ከኋላ እየተጎተቱ መኖር።

ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 9 ይህንኑ ምሳሌ አንስቶታል። ሽማግሌውና የተከበረው ሰው ራስ ነው ይላል። ጅራቱስ? ሐሰት የሚያስተምረው ነቢይ ነው። ድሀው ወይም ደካማው ነው አላለም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከዕብራይስጡ የሚበልጥበት ነገር ያለ ይመስለኛል። «ሮሽ» የኛው «ራስ» ነው። ጅራት በዕብራይስጥ «ዛናቭ»፣ በግዕዝ ደግሞ «ዘነብ» ነው። ሮሽ ሃሻና ማለት የዓመት ራስ ማለት ነው፤ እንቁጣጣሽም በቤተ ክርስቲያን «ርእሰ ዓውደ ዓመት» ትባላለች። እስከዚህ ዝምድና ነው። በአማርኛ ግን «ራስ» ሌላም ይዟል። ራሴ፣ ራስህ፣ ራሷ እንላለን። ሥራ ይዞ ቤት ተከራይቶ የወጣውን ልጅ «ራሱን ቻለ» እንላለን። «ራስ እንሁን» የሚለውን በአማርኛ ጆሮ ስሰማው «ራሳችንን እንቻል» የሚለውም አብሮ ይሰማኛል። ይህ ደግሞ ኦሪቱ ስለ ብድር ያለው ነገር ነው።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ገበታ ላይ ወጣ? መነሻው ታልሙድ፣ የጥንት ራቢዎች ክርክርና ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው፤ በተለይ ሆራዮት የሚባለው ክፍል። ሊቃውንቱ እዚያ የሚነጋገሩት ስለ ነገሥታት መቀባት ነው። ንጉሥ የሚቀባው ምንጭ አጠገብ ነው ይላሉ፤ መንግሥቱ እንደ ውሃው ሳይቋረጥ እንዲፈስ። ሰሎሞን በኢየሩሳሌም ግዮን ምንጭ ዘንድ የተቀባው ለዚህ ነው። አባዬ የተባለው የባቢሎን መምህር፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሰው ነው፣ ከዚህ ተነስቶ ይላል፦ ምልክት ቁም ነገር ከሆነ እንግዲህ፣ ሰው በዓመቱ መጀመሪያ አምስት ነገሮችን ይልመድ። ቅል፣ ሩቢያ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ቆስጣና ተምር።

ለምን እነዚህ? ብዙ ምርት የሚሰጡ ወይም ፈጥነው የሚያድጉ ናቸው የሚሉ አሉ። ሕዝቡ የወደደው ግን የስማቸውን ጨዋታ ነው። ባሮ ሽንኩርት በአራማይክ፣ በታልሙዱ ቋንቋ፣ «ካርቲ» ነው፤ «ይካርቱ» ደግሞ ይቆረጡ ማለት ነው። ስለዚህ ይበሉታል፣ ጠላቶቻችን ይቆረጡ ይላሉ። ቆስጣው «ሲልካ» ነው፣ መወገድ ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል፤ ክፉ አሳቢዎች ይወገዱ። ተምር፣ ያው ተምር ነው ስሙ፣ ማብቃትን ያስታውሳል፤ ጥላቻ እንዲያበቃ። «ቃራ»፣ ማለትም ቅሉ፣ ሁለት ነገር ያስታውሳል፤ መቅደድንና ማንበብን። ክፉው ፍርድ ይቀደድ፣ መልካሙ ሥራችን ይነበብ። ዛሬ በቅሉ ፈንታ በብዙ ቤት ዱባ ነው የሚቀርበው።

እኔ በጣም የምወደው ሩቢያን ነው። «ይርቡ» ይባልበታል። ርቢ፣ እርባታ የምንለው ቃል ዘመድ ነው። በረከታችን ይርባ። ሩቢያ ራሱ ምን እንደሆነ ግን ማኅበረሰቡ በሁለት ተከፍሏል። አንዳንዱ ሉቢያ ነው ይላል፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት የአደንጓሬ ዘመድ። የፈረንሳዩ ሊቅ ራሺ (እ.ኤ.አ. 1040–1105) ደግሞ አብሽ ነው ብሎ ተርጉሞታል። የየመን አይሁዶች እስከ ዛሬ አብሹን ዘፍዝፈው፣ መትተው፣ አረፋ አስይዘው «ሂልቤ» አድርገው ያቀርቡታል። እናቴ ይህን ስነግራት እጇን አጨበጨበች። ዱባ፣ አብሽ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ቆስጣ፤ ከተምሩ በቀር ሁሉም የጓዳዋ ነገር ነው።

በአባዬ ዝርዝር ውስጥ ራስ የለም። ራሱ ተጽፎ የምናገኘው በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1293 ያረፉት የጀርመኑ ራቢ ሜየር ዘሮተንበርግ በበዓሉ የአውራ በግ ራስ ይበሉ እንደነበር ተጽፏል። ምክንያቱ የይስሐቅ መሥዋዕት ነው፤ በይስሐቅ ፈንታ የታረደው በግ መታሰቢያ። ራቢ ዮሴፍ ካሮ እ.ኤ.አ. በ1565 ቬኒስ ላይ በታተመው «ሹልሃን አሩኽ» በተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጡ፦ የበግ ራስ ይበላል፣ ራስ እንሁን እንጂ ጅራት አንሁን ይባላል፣ የይስሐቅም መታሰቢያ ነው። የበግ ራስ ማግኘት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ቤት ወደ ዓሣ ዞረ።

ይህን ለእናቴ ሳነብላት ዝም አለች። ቀጥላ፣ «እኛስ ያን ቀን የአብርሃምን ነገር አይደል የምናስበው!» አለች። ልክ ናት። ቤተ እስራኤል በሰባተኛው ወር መባቻ የሚያከብሩት በዓል ስሙ «ብርሃን ሠረቀ» ነው፤ «ተዝካረ አብርሃም»ም ይባላል። ታልሙድ ወደ ጎንደር መንደሮች አልደረሰም ነበር። ስለ ባሮ ሽንኩርቱም ስለ ዓሣውም የሰማ አልነበረም። የይስሐቅ በግ ግን እዚያም ነበረ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። «የአባቶች ምዕራፎች» በሚባለው የጥንት ሊቃውንት አባባሎች ስብስብ ራቢ ማትያ ቤን ሄረሽ፣ ሮም ላይ ያስተማረ ሰው ነው፣ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይላል። «ለአንበሶች ጅራት ሁን እንጂ ለቀበሮዎች ራስ አትሁን።» ይህ እንዴት ከምርቃታችን ጋር ይታረቃል? አለቅነት ነው የምንመኘው ካልን አይታረቅም። ራስን መቻል ነው ካልን ግን ጠብ የለም። ከሚበልጡህ ሰዎች ጋር ተቀምጠህ መማር ዕዳ ውስጥ አይጨምርህም። ደግሞም ምርቃቱ «እንሁን» ነው የሚለው። ማንም ብቻውን «ራስ ልሁን» ብሎ አይበላም።

አሁን ወደ ድስቱ። የጎረቤታችን ዓሣ «ኽራይሜ» ይባላል፣ የሊቢያ አይሁዶች ምግብ ነው። ግማሽ ስኒ ዘይት ድስት ውስጥ አድርጉ። 8 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳችሁ ጨምሩ፣ እሳቱ ዝግ ይበል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ፓፕሪካ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሚጥሚጣ እንደ አቅማችሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፓፕሪካው ካረረ ይመራል፣ ስጎውም አይድንም። ሽታው ሲያውድ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህና አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ፣ ጨው። ስጎው ወፈር ሲል ዓሣውን ከነራሱ ደርድሩበትና ከድናችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይብሰል። አታማስሉት፤ ድስቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጉት። በሌላ ጊዜ ሎሚ ይጨመቅበታል። በሮሽ ሃሻና ማታ ግን ብዙ ቤት ኮምጣጣና መራራ አይቀርብም፤ ዓመቱ እንዲጣፍጥ። እናቴ ገና ስታየው «ቁሌት ነው እኮ!» ነበር ያለችው። በቀይ ሽንኩርት የማይጀምር ቁሌት።

ዓሣው ቅርፊትና ክንፍ ያለው መሆን አለበት። ቆሮሶ ይሆናል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት የተከለከለ ነው።

ባሮ ሽንኩርቱን ከስፔን የተሰደዱት አይሁዶች በቱርክና በግሪክ እንደ ኮተሌት ይጠብሱታል። አንድ ኪሎ አካባቢ በደንብ አጥባችሁ (አሸዋ በቅጠሎቹ መሃል ይደበቃል) ክተፉት፣ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ከዚያ በእጃችሁ ጨምቁት፣ ደግማችሁ ጨምቁት። ውሃው ካልወጣ ዘይት ውስጥ ይበታተናል። አንድ የተቀቀለ ድንች ፈጭታችሁ፣ ሁለት እንቁላል፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ዱቄት ጨምራችሁ በትንንሹ ጠፍጠፍ አድርጉና ጥበሱ። ሲቀዘቅዝም ይጥማል።

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ካሮትን እንደ ሳንቲም ከትፈው በማር ያበስላሉ፤ በዪዲሽ፣ በቋንቋቸው፣ ካሮት «መረን» ነው፣ መብዛትም «መረን» ነው። በማር የሚጠቀሰው ፖም፣ ክብ ሆኖ የሚጋገረው «ኻላ» ዳቦ፣ ሮማኑም ገበታ ላይ አሉ። ሥጋም ዓሣም የማይበላ ሰው ራሱን ከጎመን ወይም ከነጭ ሽንኩርት ያገኛል፤ እኛም «አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንል የለ!

መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. አርብ ነው። ሮሽ ሃሻና የሚገባውም ያን ዕለት ማታ ነው። እንቁጣጣሽ ሲመሽ የዓመት ራስ በዕብራይስጥም ይጀምራል ማለት ነው። ሰንበትም ስለሆነ ድስቱ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ መውረድ አለበት። ስለዚህ ገበያው ሐሙስ ነው። እናቴ ከዓሣ ሻጩ ፊት ትቆማለች። እሱ ቢላውን ሲያነሳ ቀድማ እጇን ትዘረጋለች፣ በዚያ በተቆራረጠ ዕብራይስጧ። «ራሱን እንዳትጥልብኝ!»