የሞተር ሳይክል የፍሬንና የፍሪሲዮን መስመርን በቤት መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ ወይም በገላን ሞተር የሚነዳ ሰው ስለ ፍሬን ማሰቡ አይቀርም። በተለይ ከሱሉልታ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርድ ባለ ሞተር፣ ከፊቱ የጭነት መኪና፣ ከኋላው ሚኒባስ ሆነው የፊት ፍሬኑን እየደጋገመ ይይዛል። እጀታው እየለሰለሰ ሲመጣ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ የጎማውን ቱቦ አውጥተህ የብረት መስመር ግጠምበት። የብረት መስመር የሚባለው ከውስጥ የቴፍሎን ቱቦ፣ ከውጭ የማይዝግ የብረት ሽቦ ጥልፍ ያለው ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሥራውም ትዕግሥት ላለው ሰው በገዛ ግቢው የሚያልቅ ነው። ይሁን እንጂ አብሮት ከሚወራው ብዙው ትክክል አይደለም፤ ከፊሉ ገንዘብ ያስወጣል፣ ከፊሉ ደግሞ ፍሬን አልባ ያደርጋል።

«የብረት መስመር የፍሬኑን ጉልበት ይጨምራል።»

መስመር ጉልበት ያስተላልፋል እንጂ አይጨምርም። የፍሬኑ ኃይል የሚወሰነው እጀታው ሥር ያለው የፍሬን ፓምፕ ፒስተንና ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ያለው ፒስተን ባላቸው የስፋት ልዩነት፣ በሸራው ዓይነትና በዲስኩ ሁኔታ ነው። የጎማ ቱቦ ግፊት ሲያድርበት በጥቂቱ ይነፋል፤ ስለዚህ ከእጀታው ጉዞ ከፊሉ ሸራውን ወደ ዲስኩ በመግፋት ፈንታ ቱቦውን በመንፋት ያልቃል። የብረቱ መስመር ይህን ብክነት ስለሚቀንስ እጀታው ጠንከር ይላል፣ ነጂውም ምን ያህል እንደያዘ በጣቱ ለይቶ ያውቃል። ትርፉ ይህ ነው፤ ትንሽም አይደለም። ሸራው ላለቀበት ወይም ዘይት ለነካው ሞተር ግን አዲስ መስመር ምንም አይፈይድለትም።

የእጀታ መለስለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ሳይሆን ከገባ አየር ወይም ካረጀ የፍሬን ዘይት የሚመጣ ነው። በተለምዶ የምንጠቀምባቸው ዶት 3 እና ዶት 4 ዘይቶች እርጥበት ይስባሉ። የዶት 4 ደረጃ፣ ዘይቱ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ወደ 3.7 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠየቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት በጋለ ካሊፐር ውስጥ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እጀታው ያለ ተቃውሞ እስከ መሪው ድረስ ይገባል። በእኔ አስተያየት ዘይቱን ከቀየረ 2 ዓመት ያለፈው ሰው የመጀመሪያ ወጪው አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ዶት 4 ሊሆን ይገባል፤ መስመሩ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

«ቱቦው ከውጭ ካልተሰነጠቀ ጤነኛ ነው።»

የጎማ ቱቦ ከውስጥም ያረጃል። የውስጡ ግድግዳ ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠባል፤ የእጅ ጉልበት ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ይገፋዋል፣ እጀታው ሲለቀቅ ግን የሚመልሰው ኃይል ደካማ ስለሆነ ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይቆያል፣ ዲስኩም ይግላል። ለማጣራት መንኮራኩሩን ከመሬት አንስቶ፣ ፍሬን ይዞ ለቅቆ፣ በእጅ ማሽከርከር ነው። አልሽከረከር ካለ፣ ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ቡሎን በጨርቅ ተሸፍኖ በጥቂቱ ይላላል፤ መንኮራኩሩ በዚህ ከተለቀቀ ችግሩ ያለው ፓምፑ ውስጥ ነው። በዚህ ሳይለቀቅ ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ቡሎን ሲከፈት ከተለቀቀ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። በሁለቱም ካልተለቀቀ ካሊፐሩ ራሱ ነክሷል ማለት ነው፤ ያኔ መስመር መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

«ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቱቦ ሁሉ ለፍሬን ይሆናል።»

በከተማዋ ዳርቻዎች ለሎደርና ለኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ ቱቦ ቆርጠው፣ ጫፉን በማሽን ጨምቀው የሚያስረክቡ ቤቶች አሉ። «ይህ ቱቦ የኤክስካቫተር ክንድ ያነሳል፤ ያንተን ሞተር ማቆም ያቅተዋል?» ሲባል የማይሸነፍ ሰው ጥቂት ነው። ግፊቱን በተመለከተ ተናጋሪው ልክ ነው። የተዘነጋው ቱቦው የተሠራለት ፈሳሽ ነው። የማሽነሪ ቱቦ ውስጡ በአብዛኛው ከፔትሮሊየም ለሚገኝ ዘይት ተብሎ ከናይትራይል ጎማ የተሠራ ሲሆን፣ የፍሬን ዘይት ግን በግላይኮል ላይ የተመሠረተ ሌላ ፈሳሽ ነው። ናይትራይል በዚህ ፈሳሽ ይለሰልሳል፣ ያብጣል፤ ቱቦው ባይፈነዳ እንኳ ከውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ መገዛት ያለበት ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀ መስመር ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር መስመሩን ከፓምፑና ከካሊፐሩ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ጥርስ መታየት አለበት። የጃፓን ሞተሮች በአብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.25 የጥርስ ርቀት ያለው ቡሎን ሲጠቀሙ፣ የፍሬን አምራቹ የብሬምቦ ፓምፖችና ካሊፐሮች ዘንድ የተለመደው 10 በ1.0 ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ ያለ ቦታው የተሞከረው ቡሎን ትንሽ ይገባና ይጠነክራል፣ በጉልበት ሲገፋ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ልጦ ይጨርሰዋል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ቡሎንና የቱቦውን ልክ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ልኩ ሲወሰድ መሪው ወደ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ የፊት ሹካውም ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ መሆን አለበት።

«ቤንዚን ሁሉን ያጸዳል፤ ዘይት ሲጎድልም ዘይት ዘይት ነው።»

የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ቤንዚን ተቀድቶ የፍሬን ጎሚኒ ሲታጠብበት በየመንደሩ ይታያል። ጎሚኒው ከቤንዚኑ ሲወጣ ጥቁርና የጠራ፣ አዲስ የመሰለ ነው። ቆየት ብሎ ግን አብጦ ከነበረበት ቦይ ውስጥ ይጠብቃል፣ ጠርዙ ይጠማዘዛል፣ ፒስተኑም አልመለስ ይላል። ምክንያቱ የፍሬን ጎሚኒ የሚሠራበት ጎማ ግላይኮልን ቢችልም ቤንዚንን፣ ናፍጣንና የሞተር ዘይትን ፈጽሞ የማይችል መሆኑ ነው። ጎሚኒ የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው፤ ብረቱ ግን በአልኮልም ሊጸዳ ይችላል። የጎደለ የፍሬን ዘይትን በሞተር ዘይት የሞላ ሰው ማፍሰስ ብቻ አይበቃውም፤ ዘይቱ የደረሰበት ጎሚኒና የጎማ ቱቦ ሁሉ መቀየር ይኖርበታል።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት ይበልጣል የሚለውም ያሳስታል። ዶት 5 በሲሊኮን ላይ የተመሠረተ ሲሆን ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም፤ ስሙ የሚመሳሰለው ዶት 5.1 ግን የግላይኮል ወገን ነው። ትክክለኛውን የሚናገረው የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

«ፍሬኑ ሲቀየር ፍሪሲዮኑም አብሮ ወደ ዘይት መስመር ይቀየራል።»

መጀመሪያ ሞተሩን ማየት ይበጃል። ብዙዎቹ የባጃጅ ቦክሰር ሞተሮች የፊት ፍሬናቸው እንኳ ባለ ገመድ ታምቡር ስለሆነ የሚቀየር የዘይት መስመር የላቸውም። ቲቪኤስ አፓቼ አርቲአር 160 የፊት ዲስክ አለው፣ ፍሪሲዮኑ ግን በገመድ ነው። የገመድ ፍሪሲዮን ሲከብድ መፍትሔው ጥሩ ገመድ መግዛትና አሮጌው በሄደበት መንገድ ሳይሰበር ማሳለፍ ነው። ከዚያ የእጀታው ልቅነት ይስተካከላል፤ ሆንዳ በብዙ ሞተሮቹ በእጀታው ጫፍ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል። እጀታው ቶሎ ይያዝልኝ ብሎ ልቅነቱን ማጥፋት ፍሪሲዮኑን ግማሽ ተይዞ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ ሸራዎቹም ይቃጠላሉ።

የዘይት ፍሪሲዮን ላለው ሞተር የብረት መስመር ይገጠማል፤ ይሁንና የእጀታው ክብደት በሞላዎቹ ጥንካሬና በፒስተኖቹ ስፋት የሚወሰን ስለሆነ መስመሩ አያቀለውም። ዘይቱም ሁልጊዜ የፍሬን ዘይት አይደለም። ማጉራ የተባለው አምራች የሠራው ፍሪሲዮን የተገጠመላቸው የኬቲኤም ሞተሮች የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው፤ ዶት 4 የተጨመረበት ጎሚኒ ይበላሻል።

«ቡሎኑ እስኪያቅት ይጥበቅ፤ ሮንዴላው ከሰል ላይ ቢግል አዲስ ይሆናል።»

መስመሩን የሚያያይዘው ቡሎን ዘይት እንዲያልፍበት መሃሉ የተቦረቦረ ስለሆነ በቀላሉ ይበጠሳል። የማጥበቂያው ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል። የመዳብ ሮንዴላ በእሳት መለስለሱ እውነት ነው፣ ያለፈው ቡሎን የቀረጸበት ቦይ ግን አይጠፋም። ዋጋው ከሻይ ብዙም ስለማይርቅ አዲስ ይገባል፤ ለአንድ ቱቦ ጫፍ ሁለት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች።

«እጀታውን አስሮ ማሳደር አየሩን ይጨርሰዋል።»

ማሳደር ደቃቅ አረፋዎችን ይረዳል፤ እጀታው ጠዋት ሲለቀቅ ወደ ላይ የተሰበሰበው አየር ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። ባዶ የተገጠመ መስመርን ግን አይሞላም። ባዶ መስመር በቀላሉ የሚሞላው ከታች፣ በአየር ማውጫው ቡሎን በኩል በሲሪንጅ ቀስ ብሎ በመግፋት ነው። ከዚያ ቡሎኑ ላይ የግሉኮስ ላስቲክ ሰክቶ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር፣ እጀታውን ይዞ ቡሎኑን ሩብ ዙር መክፈት፣ መዝጋት፣ ከዚያ ብቻ እጀታውን መልቀቅ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ቦታ ፓምፑ ላይ ያለው የቱቦ መገናኛ ነው፤ ከፍ ያለው እሱ ስለሆነ አየር እዚያ ይሸሸጋል፣ እጀታው ተይዞ ቡሎኑ በጨርቅ ሥር በጥቂቱ ካልተከፈተም አይወጣም። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለሙን ስለሚበላ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል።

ሥራው ሲያልቅ በየመገናኛው ሶፍት ይጠመጠምና እጀታው ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥብቆ ይያዛል። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነና እጀታው ካልሰመጠ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ በእግረኛ ፍጥነት ይሞከራል። በማግስቱ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መገናኛዎቹ እንደገና ይታያሉ፤ እርጥበት ከተገኘ ተፈትቶ ሮንዴላው ይቀየራል እንጂ ቡሎኑ ከልኩ በላይ አይጠበቅም።