ፊት ሳይታይ ልብ ይታያል ወይ?

ሰላም የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ከጽዋ ማኅበር ስንወጣ አንዲት እህታችን ጠጋ ብላ "ወንድሜ አንድ ነገር ላማክርህ" አለችኝ፣ ስልኳን ከነጠላዋ ስር አውጥታ። ባሕር ዳር ካለ ልጅ ጋር በቴሌግራም መጻጻፍ ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ ፎቶ የለ ቪዲዮ ኮል የለ፣ በመልክ ሳይሆን በሐሳብ እንተዋወቅ ብለው ተስማምተው ነው። "ኃጢአት ነው እንዴ?" አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ሳሙኤል እንኳ የኤልያብን ቁመና አይቶ የተቀባው ይሄ ነው ብሎ ነበር፣ "ሰው ፊትን ያያል እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል" የተባለው ያኔ ነው (1ኛ ሳሙ 16፥7)። ይስሐቅም ርብቃን ሳያያት ነው የታጨችለት።

ግን ቃልም እኮ ይኳላል። ፎቶው በፊልተር እንደሚያምር ሁሉ ጽሑፉንም ሰው ሦስቴ አጥፍቶ አስተካክሎ ነው የሚልከው፣ በአፍ ሲሆን ግን ያመለጠ አመለጠ ነው። እኛ ደግሞ የቅኔ አገር ልጆች ነን፣ ሰሙ ስላማረ ብቻ ወርቁ ተገኘ እንደማይባል ጎጃም ውስጥ ለማን ይነገራል!

የአብርሃምን ሎሌ እዩት (ዘፍ 24)። ርብቃ መልከ መልካም ነበረች፣ መጽሐፉም አልደበቀውም፣ እሱ ግን ምልክት አድርጎ የለመነው መልክ አይደለም፣ ለኔም ለግመሎቼም ውሃ የምታጠጣ ትሁን ብሎ ነው። ግመሎቹ ደግሞ 10 ናቸው፣ የተጠማ ግመል ስንት እንስራ እንደሚጨርስ አስቡት፣ እሷ ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ስትቀዳ እሱ ዝም ብሎ ትክ ብሎ ያያት ነበር።

እህታችን የላከላትን አስነበበችኝ። ረጃጅም የሚያምሩ፣ ጥቅስ ያለባቸው አሉ፣ እኔን የያዘችኝ ግን አንዲት አጭር ናት፣ "ዛሬ እናቴን ተቆጣኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማታ እግሯን አጥቤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" ትላለች። በማግስቱ "አጠብክ?" ብላዋለች፣ "አፈርኩ፣ አላጠብኩም" ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ቀን ላይ "አጠብኳት፣ አለቀሰች" ይላል። አጠብኩ ብሎ መዋሸት እኮ ቀላል ነበር፣ ማን ያየዋል? እዚች ጋ ልቡን ያየሁት መሰለኝ።

ቢሆንም ስምንት ወር ይበቃል አልኳት። ሐዋርያው ዮሐንስ እንኳ የሚጽፈው ብዙ እያለው በወረቀትና በቀለም አልፈልግም፣ ደስታችሁ ፍጹም እንዲሆን መጥቼ አፍ ለአፍ ላናግራችሁ ነው ያለው (2ኛ ዮሐ 1፥12)። ደግሞስ ሚስት ይኑረው አይኑረው፣ ዘመድ ይሁን ባዳ በቻት ይታወቃል? በኛ አገር ዘር የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ነው፣ ይሄን የሚያጣራው ሽማግሌ ነው። ለእናትሽ ንገሪ፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ፣ እሱም ለራሱ ንስሐ አባት ይንገር፣ ስትገናኙም ቤተሰብ ባለበት ይሁን አልኳት።

ትናንት ደወለችልኝ። ለእናቷ ነግራለች፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከታላቅ እህቱ ጋር ይመጣል፣ ቡና የምታፈላው እናቷ ናት። በጸሎት አስቧቸው።