የዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፋዊነት ምንድን ነው?

እንግዳው ከውጭ ይመጣል። የስምምነት ሰነድ ይፈረማል። ጋቢ ይደረብለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል። «ዩኒቨርሲቲው ዓለም አቀፍ እየሆነ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ይህ ነው።

ፊርማው ግን በሩ ብቻ ነው። ዓለም አቀፋዊነት የሚባለው የሌላው አገር ሰው፣ እውቀትና ልምድ ወደ ክፍሉ፣ ወደ ቤተ ሙከራውና ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ፣ የእኛም ወደ ውጭ ሲወጣ ነው።

ምን ይወስነዋል? እኔ የማስቀድመው ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቦታ የማይገኝ ምን አለው የሚለውን ነው። ጎንደር ይህን ድሮም ታውቀዋለች። የቆሎ ተማሪ አገር አቋርጦ የሚመጣው አቋቋሙንና ትርጓሜውን ብሎ ነው። ማንም ደብዳቤ ጽፎ አልጠራውም።

ካላዛር የተባለውን በሽታ እንይ። ደገኛው የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። እዚያ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ሰውነቱ መንምኖ፣ ጣፊያው አብጦ ጎንደር ሆስፒታል ይደርሳል። የውጭ ተመራማሪ ይህን በሽታ ማጥናት ከፈለገ፣ በእጁ የሚያክመው ሐኪም ያለው እዚህ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የተወለደው እንዲሁ ነው። ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ላይ ወባ ብዙ ሰው ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ ተከፈተ። ጥያቄው የደምቢያ ነበር፣ እርዳታው የውጭ።

ፖለቲካም እጁ አለበት። በደርግ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተጀመረው ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ምሥራቅ ጀርመን ስትፈርስ ያ ዘመን አበቃ።

ገንዘቡ ደግሞ አለ። ብሩን የያዘ ጥያቄውንም መያዝ ይፈልጋል። ናሙናው ከዚህ ተወስዶ ጽሑፉ እዚያ ከታተመ፣ የእኛ ሰው ስሙ ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር መሀል ከተወሸቀ፣ እኔ ያንን ትብብር አልለውም። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያዘውን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። ትኩረቱ አካል ጉዳተኞች ናቸው፤ መምህራንም እዚያ ሄደው ይማራሉ።

የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቪዛ፣ ኢንተርኔት፣ ሰላም። ኔትወርክ ሲጠፋ ከአጋሩ ጋር የተያዘው ስብሰባ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ እንግዳው ከአዲስ አበባ ይመለሳል። የካላዛሩ ታማሚም ሐኪሙ ጋ አይደርስም።