የኮርሳ ሳይክል ማርሽና ካቴና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳይክል የሚነዳ ጓደኛ ካላችሁ «ማርሹ አስቸግሮኛል፣ ብሎኗን ትንሽ ላዙራት» ሲል ሰምታችሁታል። እኔም ለዓመታት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ብሎኗ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለባትም። ድምፅ የሚያሰማው ቦታ ሌላ፣ የተበላሸው ዕቃ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ስህተቶች እነሆ።

«ማርሽ አልገባ ካለ መፍትሔው ሁለቱ ብሎኖች ናቸው»

የኋላው ማርሽ ቀያሪ፣ ማለትም ዴሬለሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዷ ኤች፣ ሌላዋ ኤል ትባላለች። ካቻቢቴ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እነሱ ነው። ሥራቸው ግን አጥር መሆን ብቻ ነው። ኤች ካቴናው ከትንሹ ጥርስ አልፎ ወደ ፍሬሙ እንዳይወድቅ ታግዳለች። ኤል ደግሞ ከትልቁ አልፎ ቸርኬው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ። መሃል ላይ ላሉት ማርሾች አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ኤልን ዝም ብሎ ያላላ ሰው ዳገት መሃል ዴሬለሩ ጎማው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። ያኔ ሁለቱም አብረው ይሰበራሉ።

የመሃሎቹን ማርሾች የሚወስነው ከእጀታው ወደ ዴሬለሩ የሚሄደው ኬብል ውጥረት ነው። ኬብሉ ዴሬለሩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ በጣት የሚዞር ማስተካከያ አለ። ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከለገመ ኬብሉ ላልቷል ማለት ነው። ከሳይክሉ ኋላ ሆናችሁ ማስተካከያውን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙሩትና ሞክሩ። ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ ግን ሁለት ነገር ጠርጥሩ። ወይ ኬብሉ በጣም ከሯል፣ ወይ ኬብሉ የሚያልፍበት ልባስ ውስጥ ዝገትና አቧራ ገብቷል። ወደ ላይ የሚያወጣው እጃችሁ ነው፣ ጉልበት አለው። ወደ ታች የሚያወርደው የዴሬለሩ ሞላ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፍትጊያ ያሸንፈዋል። የክረምቱን ጭቃ ያየ ሳይክል ላይ እኔ ሌላ ነገር ሳልነካ ኬብሉን ከነልባሱ ነው የምቀይረው።

በየሳምንቱ ማስተካከያ ማዞር ከጀመራችሁ ደግሞ የእጀታውን ጎማ ገልጣችሁ የኬብሉን ጫፍ እዩ። ኬብሉ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ማርሹ የሚዛባው በዚህ ምክንያት ከሆነ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጨርሶ ይቆረጣል።

«ሳይክሉ ወደቀ እንጂ ምንም አልሆነም»

በቀኝ በኩል ወድቆ ከሆነ በደንብ እዩት። ዴሬለሩ የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት አለች። ብዙ ፍሬሞች ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራች ናት፤ ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ እንድትታጠፍ ነው የታሰበው። ግድግዳ ተደግፎ የነበረ ሳይክል ተንሸራቶ ሲወድቅ እንኳ ትታጠፋለች። ከኋላ ሆናችሁ ቁጢጥ በሉና ተመልከቱ። የዴሬለሩ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው መሰለፍ አለባቸው። የታችኛው ወደ ጎማው ካዘነበለ ኬብል ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም። አንዱ ማርሽ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። በፒንሳ ጠምዝዛችሁ ለማቅናት አትሞክሩ፤ አሉሚኒየም ደጋግሞ መታጠፍ አይችልም። ማቅኛ መሣሪያ ያለው መካኒክ ጋ ውሰዱት።

«ካቴና በጉልበት ይለጠጣል»

ብረቱ አይለጠጥም። የሚበላው በየመገጣጠሚያው ያለችው ፒን ናት። እያንዳንዷ በጥቂቱ ትላላለች፣ ከመቶ በላይ መገጣጠሚያ ሲደመር ካቴናው ይረዝማል። ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፣ ኢንች ያለበት ከሆነ። ዜሮውን አንዷ ፒን መሃል ላይ አድርጉና ከእሷ ቀጥሎ ካለችው ጀምራችሁ 24 ፒን ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ 24ኛዋ ልክ 12 ኢንች ላይ ታርፋለች። 1/16 ኢንች፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈች 0.5 በመቶ ረዝሟል፤ ካቴና የመግዣ ጊዜ ደርሷል። 1/8 ኢንች ካለፈች ከኋላ ያሉትን ጥርሶች፣ ማለትም ካሴቱንም ይዞ ሄዷል።

«አዲስ ካቴና ካስገባሁ አለቀ»

ይህን የተማርኩት ሽሮ ሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነው። ካቴናው በዚያ ቀን ጠዋት የገባ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ቁጭ ብዬ በቀስታ ስነዳ ድምፅ የለውም። ዳገቱ ጠንከር ሲል ተነሥቼ ረገጥኩ። ካቴናው ጥርሱን ዘሎ አለፈ፣ ፔዳሉ ባዶውን ወረደ፣ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። አሮጌው ካቴና ለብዙ ወራት ጥርሶቹን በራሱ ልክ ቀርጿቸው ነበር። አዲሱ ከተበላው ጥርስ ጋር ሊገጥም አልቻለም። አብዝታችሁ የምትነዱበት አንድ ሁለት ማርሽ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ ኬብል አትንኩ፤ ካሴቱ አልቋል። እዚህ አገር ካሴት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ስለሆነ ካቴናውን በጊዜ መቀየር በብዙ ይረክሳል።

«ካቴና ዘይት በበዛለት ቁጥር ይመቸዋል»

የሞተር ዘይት ያጠጣችሁት ካቴና የአዲስ አበባን አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ያ ሊጥ ብረት ይበላል። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፣ ፒኗና በዙሪያዋ የሚሽከረከረው ሮለር የሚፋተጉበት ቦታ። በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክሩ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ውጩን በጨርቅ ጥረጉት። ነክታችሁት ጣታችሁ ሊጠቁር አይገባም። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የተለመደው ስፕሬይም የካቴና ዘይት አይደለም። ስሙ ራሱ ውሃ ማስወገጃ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ለማጽዳት ይጠቅማል፣ ከዚያ ግን ዘይት ይፈልጋል። በነጭ ጋዝ ካጠባችሁም በደንብ ሳይደርቅ ዘይት አታድርጉ።

«ሲጥ ሲጥ ካለ የፔዳሉ ኩሽኔታ አልቋል»

ኩሽኔታ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁን ቁጠሩት። ከመቀመጫው ስትነሡ ከጠፋ ችግሩ መቀመጫው ወይም ቱቦው ነው። ፔዳል ባንድ ዙር አንድ ጊዜ ከመጣ ፔዳሉን፣ የፊተኛውን ጥርስ ብሎኖች፣ ከዚያ በኋላ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ እዩ። ፔዳሎቹን ፈትቶ የብሎን ጥርሳቸውን ማጽዳትና ግሪስ መቀባት ብቻውን ስንቱን ድምፅ አጥፍቶልኛል። የግራው ፔዳል በተገላቢጦሽ እንደሚፈታ አትርሱ። ድምፁ ሁለት ዙር አልፎ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ካቴናው ላይ አንዲት መገጣጠሚያ ደርቃለች። ፊት 50 ጥርስ ካለና ካቴናው 110 ዘለበት ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ2.2 የፔዳል ዙር ነውና። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ዴሬለሩ ጋ ስትደርስ ሳትታጠፍ ጉብ ብላ የምታልፈው እሷ ናት። በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጓት፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጧት።