የእንጨት ቢላ እጀታ አጨራረስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የቢላ እጀታ ኑሮው ከባድ ነው። በየቀኑ ይጨበጣል፣ በውሃ ይርሳል፣ በሳሙና ይታሻል፣ ላብና ቅባት ይጠጣል። ስለዚህ ለወንበርና ለጠረጴዛ የሚሆን ዘዴ ሁሉ ለእጀታ አይሆንም። ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩት ብዙዎቹ ምክሮች ግን ይህን ልዩነት አያዩም። ደጋግመው የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጭረት ቢቀርም ግድ የለም፣ ዘይቱ ይሸፍነዋል»

አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ያጋልጠዋል። ዘይት እንጨትን ያጠቁራል። ጭረቱ ውስጥ ደግሞ በዛ ብሎ ስለሚገባ፣ እንጨቱ ደረቅ እያለ ያልታየው መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የእጀታ ውበት የሚወሰነው ዘይቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ነው።

የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል። በ120 ቅርጹን ካስተካከሉ በኋላ ወደ 180፣ 220፣ 320፣ ከዚያም 400 ይኬዳል። የእያንዳንዱ ሥራ አንድ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ወረቀት የተወውን ጭረት ማጥፋት። ከ120 ዘልሎ 400 ላይ የሚወጣ ሰው የጭረቱን አናት ብቻ ያለሰልሳል፣ ጥልቁ ክፍል እዚያው ይቀራል። ለማጣራት እጀታውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፊት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ከፊት ሲታይ የጠፋው ጭረት ያኔ ይታያል። በተለይ እንጨቱ ከብረቱ የሚገናኝበትን ቦታና የእጀታውን ጫፍ አትለፏቸው፤ ጭረት የሚደበቀው እዚያ ነው። የመጨረሻው ፍተጋ ሁሌም በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ይሁን።

ሦስት ነገር ልጨምር። ነሐስም ሆነ ብረት፣ እጀታውን ከቢላው ጋር የያዘው ችንካር ከእንጨቱ ይጠነክራል። ወረቀቱን በጣት ብቻ ከገፋችሁት በችንካሩ ዙሪያ ያለው እንጨት ይጎደጉዳል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ መፈተግ ይሻላል። ከብረቱ የሚወጣውን ብናኝ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። እንደ ኦክ ያለ፣ ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ውህድ የበዛበት እንጨት ላይ የብረት ብናኝና ውሃ ሲገናኙ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ስለቱን በወፍራም ወረቀትና በፕላስተር መሸፈን የግድ ነው።

«በለሰለሰ ቁጥር ይሻላል»

እንደ ዞጲ (ኢቦኒ) ያለ ጥቅጥቅ እንጨት ከ400 በላይ ቢፈተግ በእርግጥ ያበራል። መካከለኛ ጥንካሬ ላለው እንጨት ግን 400 በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲኬድ ዘይቱ የሚገባበት ቦታ እየጠበበ ይመጣል። ደግሞ እጀታው በእርጥብ እጅ የሚያዝ ነው፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ነገር ያንሸራትታል።

ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ እርምጃ አለ። ከ320 በኋላ፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ካራገፋችሁ ወዲያ፣ እጀታውን በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ አብሱትና አድርቁት። አሁን ዳስሱት፤ ሻክሯል። ተጨፍልቆ የነበረው ቃጫ ውሃ ሲያገኝ ቀና ስላለ ነው። በ400 ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉትና ማራስና ማድረቁን አንዴ ድገሙት። ይህን የዘለለ ሰው ቢላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጥብ ልፋቱ ሁሉ ይሻክርበታል።

«ዘይት ዘይት ነው፣ የኩሽናውም ይሆናል»

ይህ ስህተት ብዙ እጀታ አበላሽቷል። የወይራ ዘይት አይደርቅም። እንጨቱ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ተቀምጦ ይቆይና ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። የተልባ፣ የተንግ (ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ) እና የዋልነት (የለውዝ ዓይነት ፍሬ) ዘይቶች ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህደው ወደ ጠጣርነት ይለወጣሉ። ለእጀታ የምንፈልገው ይህን ነው። የዋልነት ዘይት ለለውዝ ነክ ነገሮች አለርጂ ያለበት ሰው ለሚይዘው ቢላ አይመከርም። ከነዳጅ የሚጣራው የማዕድን ዘይት አይበላሽም፣ ግን አይደርቅም፤ ታጥቦ ስለሚሄድ ቶሎ ቶሎ መቀባት አለበት።

«የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ማድረቂያ የብረታ ብረት ውህዶች የተጨመሩበት እንጂ እንዲሁ የተፈላ አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተልባ ዘይት አፍልቶ ያንኑ ለማግኘት መሞከር አደጋ ከመጋበዝ በቀር ጥቅም የለውም።

«ወፍራም ቅብ የበለጠ ይከላከላል»

ወፍራም ዘይት ላዩ ይደርቅና ውስጡ እንደተጣበቀ ይቀራል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ያልተመጠጠውን በንጹህ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ማድረቂያ ያለበት ዘይት በአንድ ቀን አካባቢ ይደርቃል። ንጹህ የተልባ ዘይት ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት አራት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ እጅግ ይበልጣል።

ወፍራም ቫርኒሽም ያው ነው። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን ባለበት ይቆያል። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ቅቡ ይሰነጠቅና ውሃ ከሥሩ ይገባል። ለሚሠራበት ቢላ እኔ አልመክረውም።

«ሰም ብቻውን ይበቃል»

ሰም ያምራል፣ ለእጅም ደስ ይላል። ውሃን ግን ለረጅም ጊዜ አይመልስም። በደረቀ ዘይት ላይ እንደ መጨረሻ ቅብ ተጠቀሙበት።

«እንጨት ሁሉ ዘይት ይፈልጋል»

አይፈልግም። ኮኮቦሎና ሌሎች ሮዝውድ የሚባሉት ጠንካራ እንጨቶች የራሳቸው ቅባት ስላላቸው የተልባ ዘይት እላያቸው ላይ በቀላሉ አይደርቅም። ለእነሱ ጥሩ ፍተጋና ትንሽ ሰም ይበቃቸዋል። ሬዚን (ገብቶ የሚደድር እንደ ፕላስቲክ ያለ ፈሳሽ) ሙሉ በሙሉ የተሞላ እንጨትም ዘይት የሚጠጣበት ቦታ የለውም፤ መወልወል ብቻ ነው። በሞተር የምትወለውሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። የሚሽከረከረው መወልወያ ስለቱን ይዞ ቢላውን ሊያስፈነጥር ይችላል። ሙቀቱም እጀታውን የያዘውን ኢፖክሲ (ማጣበቂያ) ያለሰልሳል።

«የእንጨት ብናኝ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም»

ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ማስክ አድርጉ።

«የዘይቱን ጨርቅ ጨብጦ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው»

ይህን በጣም አደራ የምለው ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተጨበጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እየጨመረ ይሄዳል። ክብሪት ሳይጫር፣ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የቤትና የወርክሾፕ ቃጠሎ በዚህ መንገድ ተነስቷል። ጨርቁን ከቤት ውጭ፣ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ እስኪደድር አድርቁት። ቦታ ከሌለ ውሃ በሞላበት፣ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ንከሩት።