ስለ ሳንባ ካንሰር ኪኒን የሚባለውና እውነታው

«ኬሞ ቀርቶ ኪኒን ታዘዘ» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ቢል አይፈረድበትም። ለተስፋፋ የሳንባ ካንሰር በአፍ የሚወሰዱት መድኃኒቶች የብዙ ሰው ዕድሜ አርዝመዋል። ከእፎይታው ጋር ግን ሰው የሚጎዱ ወሬዎችም ቤት ይገባሉ። እዚህ የማነሳው በተለይ ኦሲመርቲኒብን ነው፤ በገበያ ስሙ ታግሪሶ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቀደ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ ይታዘዛል።

«የሳንባ ካንሰር ያለበት ሁሉ ሊወስደው ይችላል»

አይችልም። መድኃኒቱ የሚሠራው ካንሰሩ ኢጂኤፍአር በሚባለው ዘረመል ላይ የተወሰነ ለውጥ ሲኖረው ነው። ይህ ለውጥ ያለበት ሴል «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይደርሰዋል። ኪኒኑ ያንን ትእዛዝ ይዘጋል። ለውጡ ከሌለ የሚዘጋው ነገር የለም፤ የሚተርፈው የጎንዮሽ ጉዳትና የባከነ ጊዜ ነው።

ለውጡ መኖሩ የሚታወቀው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ነው። ናሙናው ካልበቃ በደምም ይሞከራል። ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ በብዛት ቢታይም፣ በግምት መጀመር አይቻልም። ጎረቤት የተረፈውን ኪኒን በደግነት ቢሰጣችሁም አትንኩት።

ውጤት መጠበቅ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ግን ውጤቱ ሳይደርስ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው መርፌ፣ ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው፣ ተሰጥቶ ወዲያው ኦሲመርቲኒብ ከተከተለ ሳንባ ክፉኛ የመቆጣት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ የታማሚው አቅም ከፈቀደ ውጤቱን አይቶ መጀመር ይሻላል።

«ኪኒን ስለሆነ አይጎዳም»

ከኬሞ ይልቅ ለብዙዎች ይቀላል፤ እውነት ነው። ተቅማጥ፣ ሽፍታ፣ የቆዳ ድርቀት፣ የጥፍር ዙሪያ ቁስልና የአፍ ቁስል የተለመዱ ናቸው። አብዛኞቹ መላ አላቸው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከ100 ሰው 3 ወይም 4 በሚሆኑት ላይ መድኃኒቱ ራሱ ሳንባን ያስቆጣል። ምልክቱ አዲስ ወይም የባሰ የትንፋሽ ማጠር፣ ደረቅ ሳል፣ ትኩሳት ነው። ቤተሰብ «ጉንፋን ነው» ወይም «ያው በሽታው ነው» ብሎ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠብቃል። አትጠብቁ። ኪኒኑን መዋጥ ለጊዜው አቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የሳንባ መቆጣቱ ከመድኃኒቱ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ እስከመጨረሻው ይቆማል።

ሁለተኛው ልብ ነው። መድኃኒቱ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዘገይ፣ ልብ ደም የሚረጭበትን አቅምም ሊያዳክም ይችላል። ለዚህ ነው ኤሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳየው ምርመራ)፣ እንደ ሁኔታው የልብ አልትራሳውንድ፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ምርመራ የሚታዘዘው። «የሳንባ ሕመምተኛ ልብ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ምርመራውን የሚዘል አለ። ደግሞ አስቡት፦ ተቅማጥ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይበልጥ ይዛባል። ቀላል የመሰለ ተቅማጥን ቶሎ መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ከሌላ መድኃኒት ጋር ቢወሰድ ችግር የለውም»

ለኛ አገር ሰው ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳል ሲበረታ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። የቲቢ ሕክምና ዋና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ኦሲመርቲኒብን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አብረው ሲወሰዱ ሰውነት የሚያገኘው መድኃኒት በ78 በመቶ ይቀንሳል። ሰውየው በየቀኑ ኪኒኑን እየዋጠ፣ ዋጋውን እየከፈለ፣ ካንሰሩ ግን ያድጋል።

መፍትሔ አለው። ሪፋምፒሲንን ማስቀረት ካልተቻለ ሐኪሙ የተለመደውን 80 ሚሊ ግራም ወደ 160 ያሳድገዋል። ሪፋምፒሲን ካቆመ ከ3 ሳምንት በኋላ ወደ 80 ይመልሰዋል። ይህን በራስ ማድረግ አይቻልም፤ ሐኪሙም የሚያደርገው ከነገራችሁት ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ያንኑ ያደርጋሉ። የሳንባ ካንሰር ወደ አንጎል ሲሄድ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል እነዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሊታዘዙ ይችላሉ። «የካንሰር ኪኒን ይወስዳል» ብሎ የሚናገር ሰው አብሮ መኖር አለበት። አንቲባዮቲኮቹ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ዝም ብሎ የሚገዙ ይመስላሉ፤ የልብን ምት ግን ይነካሉ።

የጨጓራ መድኃኒት? ኦሜፕራዞል ከኦሲመርቲኒብ ጋር አይጋጭም። ለዚሁ ካንሰር ቀድመው ከወጡት ኪኒኖች፣ ከኤርሎቲኒብና ከጌፊቲኒብ ጋር ግን ይጋጫል። ስሙን ሳያረጋግጡ «የካንሰር ኪኒን» ብቻ ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ሥራሥሩንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

«ከረሳሁ ነገ ሁለት እውጣለሁ»

አይሆንም። ያለፈው አለፈ፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ውሰዱ። ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። መዋጥ ለሚያቅተው ሳይፈጩት 60 ሚሊ ሊትር ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ማሟሟት ይቻላል። ውሃው ጋዝ የሌለው ይሁን፤ አምቦ ውሃ አይሆንም። በትንንሹ ሲበታተን ወዲያው ይጠጣል፣ ብርጭቆው በውሃ ታጥቦ እሱም ይጠጣል።

«መጠኑ ከተቀነሰ መሥራቱን ያቆማል»

የጎንዮሽ ጉዳት ሲበረታ ወደ 40 ሚሊ ግራም መውረድ የታወቀ አሠራር ነው። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ አይደለም።

«ተሽሎኛል፣ ጸበል እስክጨርስ ላቁመው»

መሻሉ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ይገታል እንጂ በዚህ ደረጃ ነቅሎ አያጠፋውም። ፍላውራ በተባለው ትልቅ ጥናት በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 18.9 ወር ነበር፤ በቀደሙት ኪኒኖች 10.2 ወር። ያ ጊዜ የተገኘው ኪኒኑ በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ጸበሉንና ኪኒኑን ማጣላት አያስፈልግም። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ቤተክርስቲያን አብረው እንደሚሄዱ ተናግራለች። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

«ወሊድ መቆጣጠር ወንድን አይመለከትም»

ይመለከታል። ሴት ካቆመች በኋላ ለ6 ሳምንት፣ ወንድ ለ4 ወር እርግዝና እንዳይፈጠር መጠንቀቅ አለባቸው።

«ከውጭ ተልኮልኛል፣ ሐኪም ምን ይሠራልኛል?»

ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከሕንድ በሻንጣ ኪኒን የምትልኩ ልጆችና ወንድሞች፣ ልፋታችሁን አከብራለሁ። ከእሽጉ ሳታወጡ ላኩት፤ ስሙ፣ ሚሊ ግራሙና የሚያበቃበት ቀን ይነበብ። የኤሲጂውንና የደም ምርመራውን ወጪም አስቡበት። የሚከታተል ሐኪም ደግሞ ከኪኒኑ በፊት ይፈለግ። የመጀመሪያው ኪኒን የሚዋጠው የዘረመል ውጤቱን፣ ኤሲጂውንና የሌሎቹን መድኃኒቶች ዝርዝር እሱ ካየ በኋላ ነው።